ስለ መኝታ ቁስል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነርስ ተግባር

ከሕክምና ትምህርት ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ርእስ ባያችሁ ጊዜ «ይህስ የነርሶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ እንዳትቸኩሉ በቅድሚያ እለምናችኋለሁ። ከመካከላችን አባቱን ወይም እናቱን፣ አያቱን ወይም ጎረቤቱን በአልጋ ላይ ሲያስታምም ያልቆየ ጥቂት ነው። ከዚህም በቀር የምንነጋገርበት ነገር በመሠረቱ ስለ ግፊት፣ ስለ ጊዜና ስለ ደም ዝውውር ስለ ሆነ፣ የኢንጂኔሪንግ ተማሪ ከነርስ ተማሪ ባላነሰ ሊረዳው የሚችል ነው።

የመኝታ ቁስል፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት የአልጋ ቁስል፣ ሰውነት ለብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ተጭኖ ሲቆይ፣ በዐጥንትና በፍራሽ መካከል የተያዘው ሥጋ ደም አጥቶ በመሞቱ የሚፈጠር ቁስል ነው። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ዝም ብሎ አይጋደምም። ሳይነቃ ይገላበጣል፣ እግሩን ያጥፋል፣ ክርኑን ያነሣል። ይህን የሚያስደርገው ሥጋው ደም ሲያጥረው የሚልከው የሕመም መልእክት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ሰው ግን መልእክቱን የሚቀበለው አእምሮው በሚያስተኛ መድኃኒት ደንዝዟል፤ ወይም መልእክቱ ቢደርሰውም እጅና እግሩን የሚያነሣበት ኃይል የለውም። ስለዚህ እርሱ ራሱ ሊያደርገው የነበረውን መገላበጥ ሌላ ሰው ሊያደርግለት ግድ ይሆናል። የነገሩ ፍሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዝርዝሩ ላይ ነው።

የችግሩን ስፋት ለመገመት አንድ ጥናት ብቻ እጠቅሳለሁ። በግንቦት ወር 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ90 አገሮች፣ በ1,117 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በአንድ ቀን ተኝተው የተገኙ 13,254 ጐልማሶች ተመርምረው ነበር። ከእነርሱም ውስጥ 26.6 በመቶው፣ ማለት ከአራቱ አንዱ ያህል፣ የመኝታ ቁስል ተገኘባቸው። ይበልጥ የሚያሳዝነው 16.2 በመቶ የሚሆኑት ቁስሉን ያገኙት እዚያው ክፍል ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። አንደኛው የቁስሉ ቦታ ከወገብ በታች ያለው የጅራት ዐጥንት አካባቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተረከዝ ነው። ቁስሉ እየጠለቀ በሄደ መጠን የሚሞቱትም ሰዎች በዝተው ታይተዋል። በርግጥ ይህ ቁስሉ ብቻውን ገዳይ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በጣም የታመመ ሰው ለቁስሉም ለሞቱም የተጋለጠ ነውና። ነገር ግን እስከ ዐጥንት የደረሰ ቁስል ተመርዞ ደምን እንደሚበክል የታወቀ ነው። በፊልም «ሱፐርማን» ሆኖ የሠራው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ መላ አካሉ ከደነዘዘ በኋላ፣ በ2004 ያረፈው የተመረዘ የመኝታ ቁስል በመታከም ላይ ሳለ ነበር።

ጉዳዩ የዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዳጅ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዓመት በጥይት የቆሰለ አንድ ባለማዕርግ ሰው ሲያክም፣ በመቀመጫው ላይ የመኝታ ቁስል አግኝቶ አልጋው እንዲለወጥና ቁስሉ ፍራሹን እንዳይነካ ከላባ የተሠራ ትንሽ ትራስ እንዲደረግለት ማዘዙን ራሱ ጽፎታል። እንግዲህ መድኃኒቱ ግፊቱን ማንሣት መሆኑ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያው በፈረንሳይ ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ፣ ቁስሉ የሚመጣው ከአንጎልና ከአከርካሪ ነርቭ መጎዳት ነው ብሎ አስተማረ። ብራውን ሴካር የተባለው ሌላ ሊቅ ግፊቱና እርጥበቱ ከተወገደ ቁስሉን መከላከል እንደሚቻል በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርመራ ቢያሳይም፣ የሻርኮ ዝና ስለ በለጠ ብዙዎች ቁስሉን ሊመለስ የማይችል ዕጣ አድርገው ያዩት ነበር። በተቃራኒው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 በጻፈችው የነርስ ሥራ መጽሐፍ፣ የመኝታ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ሳይሆን የአስታማሚው ጉድለት ነው ብላ ፈረደች። እኔ በበኩሌ የሻርኮ ሐሳብ ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ስለሚያደርግ ጎጂ ነበር እላለሁ። የናይቲንጌል ፍርድም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ክርክሩን በተግባር የቋጨው በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል የመሠረተው ሉድቪግ ጉትማን ነው። ይህ ከጀርመን የተሰደደ ሐኪም አከርካሪያቸው በጦርነት የተመታ ወጣቶች ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ። ቀድሞ በቁስልና በሽንት መመረዝ በአጭር ጊዜ ይሞቱ የነበሩት መዳን ጀመሩ፤ ድነውም ስፖርት ጀመሩ፤ የፓራሊምፒክ ውድድር መነሻም ይኸው ሆነ። ለእኛም ለኢትዮጵያውያን ይህ ሆስፒታል ባዕድ አይደለም። ማራቶንን በሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ አከርካሪው በተጎዳ ጊዜ የታከመው በስቶክ ማንደቪል ነው፤ በ1970ም በዚያ በተደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስት ተካፍሏል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጡ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። በ1930 ላንዲስ የተባለ አሜሪካዊ በጤነኛ ሰዎች ጥፍር ሥር ያሉትን ጸጉር መሰል ደም ሥሮች መርምሮ፣ ደም በሚገባበት በኩል ያለው ግፊት በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆኑን ለካ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት «ፍራሹ ከ32 በላይ ከገፋ ሥጋው ይሞታል» እያሉ ቁጥሩን እንደ ሕግ ደገሙት። ይህ ግን ከጤነኛ ሰው ጣት የተገኘ ቁጥር ነው። የደም ግፊቱ ወርዶ በኖርኤፒኔፍሪን ኃይል የሚኖር ሕመምተኛ ደም ሥሮቹ በዚህ መድኃኒት ስለሚጠብቡ ከዚያ ባነሰ ግፊትም ሊዘጉ ይችላሉ። ኮሲያክ የተባለው ሐኪም ደግሞ በ1959 በውሾች ላይ ባደረገው ምርመራ ዋናው ነገር የግፊቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የጊዜውም ርዝመት መሆኑን አስረዳ፤ ከባድ ግፊት በአጭር ጊዜ፣ ቀላል ግፊት በረጅም ጊዜ ያው ጉዳት ያደርሳሉ።

ከግፊቱ ጋር መንሸራተት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል ሕመምተኛው ቀስ እያለ ወደ ግርጌ ይወርዳል። ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ዐጥንቱ ግን ይሄዳል። በመካከል ያሉት ደም ሥሮች ተለጥጠውና ተጠማዝዘው ይዘጋሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም ከላይ የምናየው ቆዳ ሳይሆን ከዐጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቁስል ትናንት ምንም ሳይታይ ዛሬ ጠቁሮ የሚገኘው፤ ከሥር ሲሞት የሰነበተው ሥጋ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። በላብ፣ በሽንትና በሰገራ የራሰ ቆዳ ደግሞ እንደ ራሰ ወረቀት ስለሚሆን በትንሽ ሰበቃ ይላጣል።

መጻሕፍቱ ቁስሉን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተከፈተም፤ ቀልቷል፣ በጣት ሲጫኑትም ቅላቱ አይጠፋም። በሁለተኛው የላይኛው ቆዳ ይላጣል ወይም ውኃ ይቋጥራል። በሦስተኛው ስቡ፣ በአራተኛው ሥጋው፣ ጅማቱ ወይም ዐጥንቱ ይታያል። ከዚህ ሌላ ጥልቀቱ የማይለይና ከሥር የጀመረ የሚባሉ ዓይነቶች አሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እፈልጋለሁ፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነውና። «ቅላት» የሚለው ምልክት የተጻፈው ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች አልጋ አጠገብ ነው። የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ ቢቀላም አይታይም። የመጀመሪያውን ደረጃ በቅላት ብቻ የሚፈልግ ነርስ በጥቁር ቆዳ ላይ ምንም ሳያይ አልፎ፣ ቁስሉን የሚያገኘው ከተከፈተ በኋላ ይሆናል። መጽሐፉን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን በከፍተኛ ማርክ ያለፈ ተማሪ በገዛ ወገኑ ገላ ላይ ምልክቱን ሳያውቀው ማለፉ የሚያሳፍር ነገር ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ዐይን ያልቻለውን እጅ ይሥራ። በጅራት ዐጥንት ላይ ያለውን ቆዳ በጣት ጀርባ ዳስሶ ከአጠገቡ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ከአካባቢው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ያበጠ ከሆነ ተጎድቷል ብሎ መያዝ ይገባል። ቀለሙም ከዙሪያው የጠቆረ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ በቂ መሆን አለበት፤ ቆዳውም ከመታየቱ በፊት ቅባትና ዱቄት ቢኖርበት ይጠረግ። መናገር የሚችል ሕመምተኛ ከሆነ «እዚህ ጋ ያምምዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

አደጋውን አስቀድሞ ለመገመት ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም በ1987 ያወጡት መለኪያ በብዙ አገር ይሠራበታል። ስድስት ነገሮች ይመዘናሉ፤ የመሰማት ችሎታ፣ እርጥበት፣ ከአልጋ መነሣት፣ አካልን ማንቀሳቀስ፣ ምግብ፣ እንዲሁም ሰበቃና መንሸራተት። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን አደጋው ይበዛል፤ 18ና ከዚያ በታች አስጊ ይባላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ሁሉም ሕመምተኛ ማለት ይቻላል ከ18 በታች ስለሚወድቅ፣ መለኪያው ማንን ከማን ማስቀደም እንደሚገባ አይነግረንም። ስለዚህ ቁጥሩን ጽፎ መቀመጥ ሥራ አይደለም። ጥቅሙ ከየትኛው በኩል እንደ ጎደለ ማሳየቱ ነው፤ እርጥበቱ ከሆነ እርጥበቱን፣ ምግቡ ከሆነ ምግቡን ለማረም።

ማገላበጥን በተመለከተ የጉትማን ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙ 942 ሰዎችን በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ አገላብጦ ልዩነት አላገኘም። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው አራት ሰዓት ይበቃል» እንዳይል እሠጋለሁ። እነዚያ አረጋውያን በጥሩ ፍራሽ ላይ ነበሩ፤ በደም ግፊት መድኃኒት የሚኖሩ ጽኑ ሕሙማንም አልነበሩም። ፍራሹ የሳሳና መካከሉ የሰረጎደ ከሆነ፣ ሁለት ሰዓትም ሊበዛ ይችላል። ከሚቀጥለው ማገላበጥ በፊት ቆዳው ተጎድቶ ከተገኘ ጊዜው ይጠር፤ ፍርዱን የሚሰጠው ቆዳው ነው።

አገላበጡም ዘዴ አለው። ሕመምተኛውን በጎኑ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት የዳሌውን ዐጥንት ስለሚጫን፣ ከጀርባው ሥር ትራስ አስገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይሻላል። ማነስም መብዛትም እንዳይሆን እጅን ከጅራት ዐጥንቱ ሥር አስገብቶ ፍራሹን አለመንካቱን ማረጋገጥ ነው። ወደ ላይ ሲያወጡት መጎተት ክልክል ነው፤ ከሥሩ በታጠፈ አንሶላ ሁለት ሆኖ ማንሣት ያስፈልጋል። ተረከዝ ደግሞ ብቻውን ሊታሰብለት ይገባል፤ ትራስ ከባት ሥር በርዝመቱ ተደርጎ፣ ጉልበቱ ትንሽ ዕጥፍ ብሎ፣ ተረከዙ በአየር ላይ ይንሳፈፍ። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ተረከዙ ጠቁሮ የሚገኝ ሕመምተኛ ባየሁ ቁጥር፣ አንድ ትራስ እንዴት ጠፋ ብዬ እገረማለሁ።

ሁለት ችግሮች ግን በእውነት ከባዶች ናቸው። አንደኛው፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ሰው የሆዱ ነገር ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች እንዳያመጣበት ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ እንዲል ይታዘዛል። ለጅራት ዐጥንቱ ደግሞ የሚሻለው ከ30 አለመብለጡ ነው። ሳንባውን ብናድን መቀመጫው ይቆስላል፤ መቀመጫውን ብናድን ሳንባው ይታመማል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ 30 ላይ መቆሙ ሁለቱን ያስታርቃል። ራስጌው ከመነሣቱ በፊትም የጉልበቱ በኩል በቅድሚያ ከፍ ቢል ሰውየው አይንሸራተትም። ሁለተኛው፣ ሲነኩት የደም ግፊቱ የሚወርድ ሕመምተኛ ነው። በካርዱ ላይ «አይገላበጥም» ተብሎ ተጽፎ ቀናት ያልፋሉ። ይህ ውሳኔ ያለ ሙከራ መወሰን የለበትም። ቀስ ብሎ ማዘንበል፣ ከዚያም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወደ ነበረበት መልሶ ጥቂት ቆይቶ መሞከር፣ እስከዚያውም ክንዱን ማንሣት፣ እግሩን ማዛወር፣ ከአንዱ ዳሌ ሥር የታጠፈ ፎጣ ማስገባትና ማውጣት ይቻላል።

በየክፍሉ ከድሮ የወረስናቸው ሦስት ልማዶች ሊቀሩ ይገባል። ቀለሙ የተለወጠውን ቦታ በስፒሪት ወይም በቅባት ማሸት፣ ከሥር የተጎዱትን ደም ሥሮች ይብሱን ይበጥሳል። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅ ወይም ጥጥ ከመቀመጫ ሥር ማድረግ መሐሉን ያነሣ ይመስላል እንጂ ዙሪያውን ጨቁኖ ወደ መሐሉ የሚሄደውን ደም ያግዳል። በውኃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግም ዋጋ የለውም። በአንጻሩ ዛሬ ጥሩ ማስረጃ ያለው አዲስ ነገር ሲሊኮን ያለበት የስፖንጅ ማሸጊያ ነው። በሜልቦርን ከተማ በ440 ጽኑ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ገና ሳይቆስል በጅራት ዐጥንትና በተረከዝ ላይ የተለጠፈላቸው 3.1 በመቶ፣ ያልተለጠፈላቸው 13.1 በመቶ ቆስለዋል። ዋጋው ለአገራችን ሆስፒታል ቀላል ባይሆንም፣ አንድን ጥልቅ ቁስል ለወራት ከማከም ጋር ቢመዛዘን ርካሽ ነው።

መሣሪያዎቻችንም ራሳቸው ያቆስላሉ። የመተንፈሻ ቱቦው ከንፈርን፣ የአፍንጫ ቱቦው አፍንጫን፣ የኦክሲጅን ጭምብል የአፍንጫን ድልድይ፣ ገመዱ ጆሮን ይበላል። ቱቦው በየጊዜው ከአንዱ የከንፈር ጠርዝ ወደ ሌላው ይዛወር፤ ከጭምብሉ ሥር ስስ ማሸጊያ ይደረግ። ሕመምተኛው በተገላበጠ ቁጥር ክዳን ወይም መርፌ ከሥሩ ተረስቶ እንዳይቀር በእጅ ይፈለግ።

ሕመምተኛን በሆዱ ማስተኛት ለብቻው ትምህርት ነው። በ2013 የወጣው የፈረንሳዮችና የእስፓኞች ጥናት፣ ሳንባቸው እጅግ የተጎዳ 466 ሰዎችን መርምሮ፣ በቀን ቢያንስ ለ16 ሰዓት በሆዳቸው ከተኙት በ28 ቀን ውስጥ 16 በመቶ፣ በጀርባቸው ከቆዩት ግን 32.8 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ በዓለም ሁሉ ሕሙማን በሆዳቸው ተኙ። ከዚያም ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ፣ ደረት፣ ጉልበትና የእግር ጣት ይቆስል ጀመር። ነፍሱን ለማዳን ጉንጩ ቢቆስል ይሻላል የሚለው ልክ ነው፤ ሆኖም ድኖ የወጣው ሰው ያንን ጠባሳ ዕድሜ ልኩን ስለሚሸከም፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን ማዞር፣ አንዱን ክንድ እንደ ዋናተኛ ከፍ አድርጎ ማፈራረቅ፣ ከደረትና ከዳሌ ሥር ትራስ ማድረግ አይቀርም።

ስለ ንጽሕና ረጅም መናገር አያሻም፤ በለዘበ ሳሙና አጥቦ፣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት መቀባት ነው። ላስቲክ ላብን ስለሚይዝ ከሥር ባይበዛ መልካም ነው። ስለ ምግብ ግን አንድ ቃል። ጽኑ ሕመምተኛ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ቢያንስ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ይህ 72 ግራም ማለት ሲሆን፣ የአሥራ ሁለት እንቁላል ያህል ነው። በቱቦ የሚሰጠው ምግብ ለራጅ ወይም ለመታጠብ ተቋርጦ ሳይቀጥል ግማሽ ቀን ከቆየ፣ ቆዳው የሚጠገንበትን አጣ ማለት ነው።

ቀደም ብዬ የናይቲንጌል ፍርድ ሙሉ አይደለም ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ሁሉ ነገር ተደርጎም፣ ደሙ ወደ ቆዳው ሊደርስ የማይችል ሰው ሊቆስል ይችላል። ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ሊቀር የማይችል ነበር» ለማለት መብት ያለው፣ መገላበጡን በሰዓቱ የጻፈ ብቻ ነው። ጧት 1 ሰዓት በቀኝ፣ 3 ሰዓት በጀርባ፣ 5 ሰዓት በግራ እየተባለ ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለ ወረቀት ካለ ክርክር የለም። አንዲት ነርስ ብቻዋን አራትና አምስት ጽኑ ሕሙማን ይዛ፣ ማገላበጫ ሁለተኛ ሰው አጥታ ስትዋትት የሚመጣውን ቁስል ግን በእርስዋ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ይህ የበጀትና የአስተዳደር ጥያቄ ስለ ሆነ የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ሊያስቡበት ይገባል።

በመጨረሻም ተረኛዋ ለተረኛዋ ስታስረክብ ሁለቱም አንሶላውን ገልጠው የጅራት ዐጥንቱንና ተረከዙን አብረው ቢያዩ፣ ቁስሉ በማን ጊዜ ጀመረ የሚለው ጭቅጭቅ አይኖርም። ሕመምተኛው ተሽሎት ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ሲዛወርም አብራው የምትቀመጠው እናቱ ወይም እኅቱ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ትራሱ ከባቱ ሥር እንጂ ከተረከዙ ሥር እንደማይደረግ፣ በእጅዋ እየዳሰሰች ሙቀቱን እንዴት እንደምትለይ ከመውጣቱ በፊት በተግባር ትታይ፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን አጠገቡ የምታድረው እርስዋ ናትና።